የአካል ጉዳተኞች መብትና ማኅበራዊ ተሳትፎ በደሴና በኮምቦልቻ

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች የዳገትና የቁልቁለት ከተማ ናት። በዊልቸር ለሚሄድ ሰው የመጀመሪያው እንቅፋት መልክዓ ምድሯ ይመስላል። ዳገቱን ግን ባጃጅ ያወጣዋል፤ ሰውን ከደጃፍ የሚመልሰው ደረጃው ነው።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ ቤት እንዲኖረው ያስገድዳል። ያም ሆኖ ፎቅ ላይ ያለ ሊፍት የሌለው ቢሮ፣ እንዲሁም ለይስሙላ የተሠራ ራምፕ (ለዊልቸር የሚሆን ተዳፋት መወጣጫ) በብዛት ይታያል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ሜትር ከፍታ ለመውጣት 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች 5.4 ሜትር ራምፕ ይጠይቃሉ። ሁለት ሜትር ላይ የተጨናነቀ ራምፕ ሰውን ወደ ኋላ ይጥላል። ይህ መታረም ያለበት ፕላን ሲጸድቅ ነው፤ ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ወጪውም ሰበቡም ይበዛል።

በሕክምናው በኩል አካባቢው የቆየ ታሪክ አለው። ከደሴ አቅራቢያ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲታከሙበት የኖረ ሲሆን፣ ዛሬም በቆዳና በዓይን ሕክምና ይታወቃል። ደሴ ውስጥ ደግሞ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደግፈው የቆየ የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ። ሰው ሠራሽ እግር ለመሥራት በጀሶ ልክ ይወሰዳል፣ ይሞከራል፣ ይስተካከላል፣ ከዚያ ታካሚው በእሱ መራመድን ይለማመዳል። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ሰው ሠራሽ እግሩን በየጊዜው መቀየር ስላለበት ለቤተሰቡ የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪው ከባድ ነው። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ አካላቸውን ያጡ ወጣቶችም በተሐድሶ ማዕከሉ ወረፋ ላይ ተጨመሩ።

በወሎ ማኅበራዊ ኑሮ የሚለካው በቅሬ፣ ማለትም በእድር ነው። ሆኖም በአባቱ ወይም በወንድሙ ስም ተጠቃሎ የሚቀር አካል ጉዳተኛ አለ። መዋጮውን ራሱ ሊከፍል፣ ጸሐፊ ሆኖ ሊመረጥ፣ ሒሳብ ሊይዝ እየቻለ “እሱ ይረፍ” ይባላል። በደግነት የሚነገር ቢሆንም ከሰው ይነጥላል። መስማት ለተሳነው አባል ደግሞ የምልክት ቋንቋ የሚችል አንድ ሰው ከጎኑ ማስቀመጥ ስብሰባውን ሁሉ ይከፍትለታል።

ኮምቦልቻ በ2009 የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክና የቆየ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስላላት ዋናው ጥያቄ ሥራ ነው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛው ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ካመጣ ቅድሚያ እንዲያገኝ ያዛል፤ አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻችም ግዴታ ይጥልበታል። አድልዎ ተፈጽሞብኛል ያለ ሰው ብቻውን መቆም የለበትም፦ አባል የሆነበት የአካል ጉዳተኞች ማኅበርም ክስ ሊመሠርትለት ይችላል። የየከተማው ማኅበራት ይህን አንቀጽ በደንብ ሊይዙት ይገባል።