ቶሳን ስንወጣ ቁና ቁና የሚያስተነፍሰን ምንድን ነው?

ከደሴ ተነስቶ የቶሳን ተራራ በእግሩ የወጣ ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ ላይ ጨዋታው ይደምቃል። አቀበቱ ሲብስ ጨዋታው ይቆምና ሁሉም ቁና ቁና ይተነፍሳል። ያኔ ስለ ትንፋሽ ከሚባለው ብዙው ልክ አይደለም።

«ሳንባዬ ደከመ» ይባላል። ሳንባ ግን ራሱን የሚነፋበት ጡንቻ የለውም። የቀጥቃጭ ወናፍን አስቡ። ሳንባ ወናፉ ነው። ከፍ ዝቅ የሚያደርገው እጅ ደግሞ ድያፍራም ነው፤ ደረትንና ሆድን የሚለየው ሰፊ ጡንቻ። በጎድን አጥንቶች መሃል ያሉት ያግዙታል። ዳገቱ ሲጠና የአንገት ጡንቻዎችም ይጨመራሉ።

«አየር ማስወጣት ድካም የለውም።» ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ እውነት ነው። ድያፍራም ሲላላ አየሩ በራሱ ይወጣል። ዳገት ላይ ግን ለዚያ ጊዜ የለም፤ የሆድ ጡንቻዎች ተኮማትረው አየሩን ይገፉታል።

«የትንፋሽ ጡንቻ ዕድሜ ልኩን ስለሚሠራ አይደክምም።» እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔም ለዓመታት ያመንኩት ይህን ነው። በእረፍት ሰዓት በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር እናስገባለን። እንቅስቃሴው በጣም ሲጠነክር ከ100 ሊትር ሊያልፍ ይችላል። ያኔ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክስጅን ከ10 እስከ 15 በመቶው ለትንፋሽ ጡንቻዎች ብቻ ሊሄድ ይችላል። ከአቅሙ ከ80 እስከ 85 በመቶ በላይ እየሠራ እስኪዝል የቀጠለ ሰው ድያፍራሙም አብሮ ይዝላል። ሰውነት ደግሞ መተንፈስን ያስቀድማል፤ ወደ እግር ደም የሚወስዱት ሥሮች ይጠባሉ። «እግሬ ከዳኝ» ለምንለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቀስ ብሎ ለሚወጣ ግን ድያፍራም በቀላሉ አይዝልም።

«በአፍ መተንፈስ ስህተት ነው» የሚሉም አሉ። ሲከብድ አፍ መክፈት ተፈጥሯዊ ነው። አፍንጫ ጠባብ ስለሆነ በእሱ ብቻ መታገል ጡንቻዎቹን ያደክማል። ተቀምጦ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሐኪም ይየው።

«ደጋ ላይ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያንሳል።» አያንስም፤ ዝቅ ያለችው ኮምቦልቻም ከፍ ያለችው ደሴም ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ያንሳል። ጡንቻዎቹም ያንን ለማካካስ ይበልጥ ይሠራሉ። ከቆላ የመጣ እንግዳ ቶሳ ላይ ቢያለከልክ ሰነፍ አትበሉት፤ ውኃ ስጡትና አብራችሁት ቁሙ።