ሣጥኑን ማን ይቁጠር?

በጉርምስና ዕድሜ ያለ ልጅ መጥቶ «ጌታ ልቤን ነክቶኛል፤ ለተቸገሩ ገንዘብ ማሰባሰብ እፈልጋለሁ» ሲል፣ ወይ «ገና ልጅ ነህ» ብለን እንመልሰዋለን፣ ወይ አጨብጭበንለት ብቻውን እንተወዋለን። ዕድሜው ምክንያት አይሆንም፤ ኢዮስያስ አምላኩን መፈለግ የጀመረው በ8 ዓመቱ ነግሦ በመንግሥቱ 8ኛ ዓመት፣ ገና ብላቴና ሳለ ነው (2ኛ ዜና 34፥1-3)። ይልቅ የሚያሰጋው ጭብጨባው ነው። የሰው ገንዘብ ያለ ሥርዓት በልጅ እጅ ሲገባ አስቀድሞ የሚጎዳው ልጁ ራሱ ነውና። ቅዱሳት መጻሕፍትም «ስጡ» ብለው ብቻ አላለፉም፤ የተሰጠው እንዴት እንደሚያዝ በዝርዝር ጽፈውልናል።

መነሻው ተቀባዩ ነው። ጳውሎስ ያሰባሰበው በደፈናው «ለችግረኞች» አልነበረም፤ በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች ቅዱሳን ነበር (ሮሜ 15፥26)። ልጁም ለማን እንደሚያሰባስብ ይወቅ፤ የሚያስፈልጋቸውንም ከእነርሱ ወይም ከሚንከባከቧቸው ይጠይቅ። ለ40 ተማሪዎች ለእያንዳንዳቸው 12 ደብተር፣ 4 እስክሪብቶና 1 ቦርሳ ከሆነ፣ ዋጋውን ከሁለት ሻጮች ጠይቆ ያባዛ፣ ማጓጓዣውን ይጨምር፣ ዋጋ ቢንር ደግሞ ከድምሩ አንድ አሥረኛ ያህል ይደምርበት። ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፎ ማብቂያ ቀን ያስቀምጥለት። ትርፍ ቢገኝ ምን እንደሚደረግም እዚያው ይጻፍ፤ ብዙዎች የሚዘነጉት ይህን መስመር ነው። ሳይጻፍ ቀርቶ ገንዘቡ ሲተርፍ፣ ለደብተር የተሰጠው ለድምፅ ማጉያ ይውልና ሰጪዎች በሚቀጥለው ጊዜ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ሙሴ ለድንኳኑ ሥራ የመጣው ሲበቃ «ከእንግዲህ አታምጡ» ብሎ በሰፈሩ አሳወጀ (ዘጸአት 36፥5-7)። እንዲህ ያለ አዋጅ ዛሬ ብርቅ ነው!

የሚሸጥ ነገር አዘጋጅቶ ገቢ የሚያሰባስብ ልጅ ሽያጩንና ትርፉን ይለይ። ከሽያጩ 1,000 ገብቶ ዕቃው 400 ከፈጀ ለተቸገሩት የሚደርሰው 600 ነው፤ «1,000 ሰበሰብኩ» ማለት ሳያውቁት መዋሸት ይሆናል። እናቱ ዱቄቱን በነጻ ከሰጠችው ደግሞ «የዓይነት ስጦታ» ተብሎ በእርሷ ስም ይመዝገብ። በእግር ጉዞ ቃል እያስገባ የሚያሰባስብ ከሆነ አደጋው ሌላ ነው፤ ቃል የተገባው ሁሉ አይገባም። የቆሮንቶስ ሰዎች ካለፈው ዓመት ጀምረው የተነሡበትን ገና አልፈጸሙም ነበርና፣ ጳውሎስ ስጦታው አስቀድሞ እንዲዘጋጅ ወንድሞችን ላከ (2ኛ ቆሮ. 8፥10-11፤ 9፥5)። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ «ቃል የተገባ» እና «የገባ» በተለያየ ዓምድ ይጻፉ። ግዢ የሚታቀደው በሁለተኛው ዓምድ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሣጥኑ። በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን እስከ 23ኛው ዓመት ድረስ የመቅደሱ ፍራሽ ሳይጠገን ቀረ። ያን ጊዜ ካህኑ ዮዳሄ በክዳኑ ቀዳዳ ያለው ሣጥን በመሠዊያው አጠገብ አኖረ፤ ገንዘቡ ሲበዛም የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው ቈጠሩት (2ኛ ነገሥት 12፥6-10)። ቈጣሪዎቹ ሁለት ናቸው፣ ከተለያየ ወገንም ናቸው። ልጁና ወላጁ ቢቈጥሩት አይበቃም፤ የማይዛመዱ ሁለት አዋቂዎች ልጁ ባለበት ሁለት ጊዜ ቈጥረው ይፈርሙ። ገንዘቡ በቤት ሳያድር፣ ካልሆነም በማግስቱ፣ በአጥቢያው ሒሳብ ይግባ። በልጁ የግል ሒሳብ ወይም ስልክ አይቀመጥ፤ ከራሱ ገንዘብ ጋር ተቀላቅሎ «ነገ እተካዋለሁ» የሚባለው እዚያ ይጀመራል። በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 15 ገንዘቡን ተቀብለው ለሠራተኞቹ የሚከፍሉት ሰዎች ታማኞች ስለነበሩ ሒሳብ አልተጠየቁም ይላልና፣ ይህን ጠቅሶ ቁጥጥርን የሚሸሽ አይጠፋም። ነገር ግን ገንዘቡ ለእነርሱ የተሰጠው በሁለት ሰዎች ከተቈጠረ በኋላ ነው።

ቤት ለቤት መዞር ካለ ከአዋቂ ጋር፣ በቀን ብርሃን፣ ተራ ቁጥር ባለው ደረሰኝ ይሁን።

ስለ ማስታወቂያም እንነጋገር። ማቴዎስ 6 በሰው ፊት ለመታየት መስጠትን ይከለክላል እንጂ ችግሩን መናገርን አይከለክልም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ይነገር፣ የሰጪው ስም ይቅር። የሰጪዎችን ስም ከነመጠኑ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ሳንቲም ያፋጥናል፤ ሆኖም ጌታ ከሁሉ አብልጣ ጣለች ያላት መበለት በዚያ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ትገኝ ነበር። የተቀባይ ሕፃናት ፊትም አይለጠፍ፤ የተገዛው ዕቃ ፎቶ ይበቃል።

ርክክቡ የዕዝራን ይምሰል። ብሩንና ወርቁን መዝኖ ለ12 የካህናት አለቆች ሰጠ፤ ኢየሩሳሌም ሲደርሱም በአራተኛው ቀን እንደገና ተመዘነ፣ ክብደቱም ሁሉ ተጻፈ (ዕዝራ 8፥24-34)። ልጁም በሁለት ሳምንት ውስጥ የገባውን፣ የወጣውን፣ የተረከበውን ሰው ፊርማና የቀረውን በጉባኤው ፊት ያንብብ፤ ደረሰኞቹም ለሚጠይቅ ሁሉ ይታዩ።

ለ40 ታቅዶ ለ26 ብቻ ቢበቃስ? ጉድለቱን ወላጆች በድብቅ አይሙሉለት። ለ26 በሙሉ ይሰጥ ወይስ ለ40 እየተቀነሰ የሚለውን ልጆቹን የሚያውቋቸው ይወስኑ፤ በሪፖርቱም 26 ከሆነ 26 ተብሎ ይጻፍ። በጎ ፈቃድ የተወደደ የሚሆነው ባለው መጠን ነው (2ኛ ቆሮ. 8፥12)።