«በቋንቋው አስብ» ምክር አይደለም

የውጭ ቋንቋ የሚማር ጎልማሳ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ በተንተባተበ ቁጥር ዙሪያው ያለው ሁሉ ሐኪም ይሆናል፦ «በአማርኛ እያሰብክ ስለምትተረጉም እኮ ነው፤ በቀጥታ በቋንቋው አስብ!» ዋና ለማያውቅ ሰው «አትስመጥ» ብሎ እንደ መምከር ነው። ወደዚህ ምክር ከመግባታችን በፊት ስለ ቋንቋ መማር የሚነገሩ ሌሎች የተሳሳቱ አባባሎችን ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው።

«የጎልማሳ ጭንቅላት ቋንቋ አይቀበልም።» ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ አንድ ጥናት ኔዘርላንድስ የገቡ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን ተከታትሎ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት የአገሩን ቋንቋ ደችን ቶሎ የያዙት ወጣቶችና አዋቂዎች ሲሆኑ፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸው ሕፃናት ከኋላ ቀሩ። ሕፃናቱ የሚቀድሙት እየዋለ እያደረ ነው፤ በተለይ በቅላጼ።

«አዲሱ የድሮውን ያስረሳል።» አያስረሳም። ለጊዜው ተጭኖት የአማርኛው ቃል ምላስ ጫፍ ላይ ይቀራል እንጂ አይጠፋም።

«ቋንቋ መማር ከመርሳት በሽታ ያድናል።» አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2013 በህንድ ሃይደራባድ 648 የመርሳት ሕሙማን ሲጠኑ፣ ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚናገሩት ላይ ምልክቱ የታየው በ4 ዓመት ተኩል ዘግይቶ ነው። መዘግየት መዳን አይደለም። ደግሞም እነዚህ ሰዎች በቋንቋዎቹ የኖሩ እንጂ በስልክ መተግበሪያ በቀን 10 ደቂቃ የነካኩ አይደሉም። ዘግይቶ የሚማረውን ይበልጥ የሚመለከተው በስኮትላንድ ኤድንብራ የተደረገው ጥናት ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1947 በ11 ዓመታቸው ተፈትነው በ70ዎቹ ዕድሜያቸው እንደገና ከተፈተኑት 853 ሰዎች መካከል ሁለተኛ ቋንቋ የሚያውቁት በልጅነት ውጤታቸው ከተጠበቀው የተሻለ ውጤት አመጡ፤ ካደጉ በኋላ የተማሩትም ጭምር።

«አእምሮን በሁሉም ነገር ይስላል።» እ.ኤ.አ. በ2020 ከ11,000 በላይ ሰዎች የተፈተኑበት ጥናት እንዲህ ያለ አጠቃላይ ብልጫ አላገኘም። ቋንቋውን ለቋንቋው ብላችሁ ተማሩ።

አሁን ወደዚያች ምክር እንመለስ። የሚመክሩት ሰዎች አንዱን ቋንቋ እንደ አምፖል አጥፍቶ ሌላውን ማብራት የሚቻል ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ስፓይቪ እና ማሪያን የተባሉ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ የሚችሉ ሩሲያኛ ተናጋሪዎችን ዕቃ በተደረደረበት ጠረጴዛ ፊት አስቀምጠው የዓይናቸውን እንቅስቃሴ ተከታተሉ። በሩሲያኛ ቴምብር «ማርካ» ነው። ስለ ቴምብሩ በሩሲያኛ ሲታዘዙ ዓይናቸው ሾለክ ብሎ በእንግሊዝኛ «ማርከር» የሚባለውን እስክሪብቶ ያያል። በዚያች ቅጽበት እንግሊዝኛ የተናገረ ሰው አልነበረም። ሁለቱም ቋንቋዎች ሁልጊዜ ነቅተው ነው ያሉት፤ ሰው «በቋንቋው የሚያስበው» አዲሱ ቃል ከድሮው ቀድሞ መድረስ ሲጀምር ነው። ይህ ደግሞ በልምምድ ብዛት ይመጣል እንጂ በቁርጠኝነት አይመጣም።

ለመሆኑ ትርጉም የሚያበላሸው የት ነው? «ናፈቅሽኝ»ን እንውሰድ። የግሱ ባለቤት የተናፈቀችው ናት፤ ናፋቂው «ኝ» ሆኖ መጨረሻው ላይ ተንጠልጥሏል። በእንግሊዝኛ ግን «አይ ሚስ ዩ» ሲባል ባለቤቱ ናፋቂው ነው። ቃል በቃል የገለበጠ ተማሪ «ዩ ሚስድ ሚ» ይላል፤ ሰሚዋም ናፋቂዋ እሷ ራሷ እንደሆነች ትረዳለች። ፈረንሳይኛ የሚማረው እዚህ ላይ ይቀናዋል፤ «ቲዩ ም ማንክ» እንደ አማርኛው ነው የሚሄደው። እንግዲህ ትርጉም ሁልጊዜ ጠላት አይደለም፤ የት እንደሚከዳ ማወቅ ነው።

መፍትሔው ነጠላ ቃል መሸምደድ ትቶ ከ3 እስከ 5 ቃል ያለውን ሐረግ እንዳለ መያዝ ነው። ለእያንዳንዱ ሐረግ ትንሽ ካርድ ያዘጋጁ፤ በፊቱ ሐረጉ የሚነገርበትን ሁኔታ፣ በጀርባው ሐረጉን ይጻፉ። ሳይገለብጡ ጮክ ብለው ይናገሩ፤ ከዚያ ያረጋግጡ። በማግስቱ፣ በ3ኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በ15ኛው ቀን ይድገሙ፤ የሳቱት ካርድ ከማግስቱ ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ዝርዝሩን ደጋግሞ በማንበብ ነው። ቃሉን ሲያየው ስለሚለየው ያወቀው ይመስለዋል። አይቶ መለየት ሌላ፣ ከባዶ ፈልጎ ማውጣት ሌላ።

ሐረጎቹ ከተያዙ በኋላ ፍጥነት ላይ ይሠራል። በደንብ በሚያውቁት ጉዳይ ላይ 4 ደቂቃ ይናገሩ፤ ያንኑ ነገር በ3፣ ከዚያ በ2 ደቂቃ ይድገሙት፤ ከተቻለ በየዙሩ ሰሚ ይቀይሩ። በየዙሩ አዲስ ሐሳብ የሚጨምር ሰው ልምምዱን ያጠፋዋል፤ ምክንያቱም አእምሮው የሚናገረውን ፍለጋ ላይ ስለሚጠመድ ቃል ማውጣቱ አይፈጥንም። ጽፎ ማንበብም አይሠራም። መምህሩ በመሃል ገብቶ አያርም፤ እርማቱ ሦስተኛው ዙር ካለቀ በኋላ ይምጣ።