ብዙ ዶሜይን መያዝ ምንድን ነው? ለፍለጋ ደረጃስ ምን ይፈይዳል?

«ለአንድ ድረ ገጽ አሥር ዶሜይን ግዙ፤ በጎግል አሥር ቦታ ትወጣላችሁ» የሚል ምክር ሰሞኑን ደጋግሜ አነበብሁ። ይህን የሚቃወሙት ደግሞ «ከአንድ በላይ ዶሜይን ያለው ይቀጣል» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ዶሜይን በራሱ ክብደት ያለው ይመስላቸዋል፤ ዶሜይን ግን የድረ ገጽ አድራሻ (ለምሳሌ example.com) የሚሆን ስም ነው።

የፍለጋ ሞተር ከሚመዝናቸው ነገሮች አንዱ ሌሎች ድረ ገጾች የሚሰጡት ሊንክ ሲሆን፣ ይህም ከምስክርነት ቃል ጋር ይመሳሰላል። አንድ ሰው በአምስት ስም ቢጠራና ምስክሮቹ ገሚሶቹ በአንዱ፣ ገሚሶቹ በሌላው ስም ቃላቸውን ቢሰጡ፣ ምስክርነቱ በአምስት መዝገብ ይበታተናል። ያው ጽሑፍ በአምስት ዶሜይን ሲወጣ የሚያሰጋው ይኸው ነው። እርግጥ ዳኛው፣ ማለትም የፍለጋ ሞተሩ፣ መዝገቦቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን ብዙውን ጊዜ ራሱ ይደርስበታል፤ ያን ጊዜ ግን አንዱን ስም መርጦ ሌሎቹን ከውጤቱ ያስቀራል፤ የመረጠውም ባለቤቱ የሚፈልገው ስም ላይሆን ይችላል። ይህ ማጣራት እንጂ ቅጣት አይደለም፤ «ተቀጣሁ» የሚሉ ብዙ ባለቤቶች የደረሰባቸውም ይኸው ማጣራት ነው።

ቅጣት የሚያስከትለው ሰውየው በአሥር ስም ቀርቦ ለራሱ ሲመሰክር ነው፦ ዶሜይኖቹን እርስ በርስ በሊንክ ማጠላለፍ፣ ወይም ተመሳሳይ ገጾችን እንደ ማጥመጃ በር በየስሙ መደርደር። «ሰዎች የሚፈልጉትን ቃል ራሱን የዶሜይኔ ስም ካደረግሁትስ?» ለሚልም ጎግል በ2012 እንዲህ ያለ ስም ያላቸውን ጥራት የጎደላቸው ድረ ገጾች ከውጤቱ የሚቀንስ ማሻሻያ ማድረጉን ማስታወስ ይበቃል።

ትክክለኛው አሠራር አንዱን ዋና አድርጎ ሌሎቹን በ301፣ ማለትም በቋሚ ማዞሪያ፣ ወደ እርሱ መላክ ነው፤ መዝገቦቹ በአንድ ስም የሚጠቃለሉት እንዲህ ነው። ማዞሪያው ገጽ በገጽ ይሁን፤ ሁሉንም ወደ መነሻ ገጽ መወርወር ምስክርነቱን ያባክናል። አድራሻውን ሳይቀይር ገጹን በፍሬም (በሌላ ገጽ ውስጥ በተከፈተ መስኮት) ውስጥ የሚያሳየው «ድብቅ ማስተላለፊያ» ማዞሪያ አይደለም። ከ2009 ጀምሮ የምንጠቀምበት የካኖኒካል ምልክትም (ከተመሳሳይ ገጾች ዋናው የትኛው እንደሆነ ለፍለጋ ሞተር የሚናገር፣ በገጹ ኮድ ውስጥ የሚጻፍ መስመር) ጥቆማ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። የሚዞረው ዶሜይንም የራሱ የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፊኬት (ግንኙነቱ የተመሰጠረና የዚያው ዶሜይን መሆኑን ለአሳሹ የሚያረጋግጥ ማስረጃ) ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ጎብኚው ከመዞሩ በፊት ማስጠንቀቂያ ይገጥመዋል።

ለየአገሩና ለየቋንቋው የተለየ ይዘት ያዘጋጀ ድርጅት በየአገሩ ዶሜይን ቢጠቀም ትክክል ነው፤ ገጾቹን በኤችሬፍላንግ፣ ማለትም የትኛው ገጽ ለየትኛው ቋንቋና አገር እንደሆነ በሚናገር የኮድ ምልክት፣ ያስተሳስራቸው። ሌላ ሰው እንዳይወስዳቸው ለጥበቃ የተያዙ ስሞችም ጉዳት የላቸውም። የዞረ አሮጌ ዶሜይን ግን ምዝገባው ሳይታደስ ቀርቶ ከተለቀቀ ሌላ ሰው ሊያስመዘግበው ይችላል፤ በዚያ ስም የተሰጡት ሊንኮችም ከዚያ በኋላ የሚያመለክቱት ወደ አዲሱ ባለቤት ነው።