«ቤት ከዋልሽ ምን ወጪ አለብሽ?»

ባሕር ዳር ውስጥ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ሴት ምክር አያጥራትም። ቡና ላይ ትመከራለች፣ ባጃጅ ውስጥ ትመከራለች፣ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት እየመረጠችም ትመከራለች። ግማሹ ይጠቅማል። ሌላውን ግማሽ አምኜ ግን ብዙ ከስሬያለሁ።

«ቤት ሆነሽ ከሠራሽ ትርፉ ሁሉ ያንቺ ነው»

የኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነበር። ልጄ ሁለት ዓመት ሳይሞላት እንጀራ እየጋገርኩ ለምግብ ቤት ማስረከብ ጀመርኩ። ልጄ አጠገቤ፣ ሥራው እጄ ላይ፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ሂሳቤም አጭር ነበር። ከሽያጩ የጤፉን እቀንሳለሁ፣ የቀረውን ትርፍ እላለሁ። ማስፈጫው፣ የባጃጁ፣ ተቀድዶ ቤት የሚቀረው እንጀራ የትም አልተጻፈም።

ምጣዱስ? የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። ሁለት ሰዓት ከጋገርሽ 7 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ሲሆን በወር ከ80 ያልፋል። የመብራት ታሪፍ ደግሞ እንደ ጤፍ አይደለም፤ ብዙ ስለወሰድሽ አይቀነስልሽም። እንዲያውም ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይጨምራል። ተከራይ ከሆንሽ ደግሞ ቆጣሪው አብዛኛውን ጊዜ የግቢው ሁሉ ነው። የሦስት ቤት ፍጆታ አንድ ላይ ሲደመር ሁላችሁም ውዱ እርከን ላይ ትወጣላችሁ። አከራዬ «የኔ ልጅ፣ መብራቱን የምትጨርሺው አንቺ ነሽ» ብለው ከግማሽ በላይ ሲያስከፍሉኝ አኩርፌያቸው ነበር። ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው እሳቸው ልክ ናቸው።

«ልጅሽንም በዚያው ትጠብቂያለሽ» የሚለውም አለ። ማን ይጠብቃል? ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ አክንባሎውን ስከፍት እሷም ትነሳለች። እጇን ወደ እንፋሎቱ ትዘረጋለች። በአንድ እጄ እሷን ገፋ አድርጌ በሌላው ሰፌዱን ስሰድ እንጀራው ይታጠፋል። በመጨረሻ ለጎረቤት ልጅ እየከፈልኩ ነው ያስጠበቅኳት። እሱንም ቀንሼ የቀረውን ለሰዓት ሳካፍለው፣ ሆቴል ሳህን የምታጥበው ጓደኛዬ ከምታገኘው አነሰ። ሥራውን አልተውኩትም፤ ወጪውን ሁሉ ደብተር ላይ ጽፌ ዋጋ ጨመርኩ። ደብተሩ ባይኖር ግን በምን ልከራከር ነበር?

«የቅጥር ደሞዝ ለባጃጅ እንኳ አይበቃም»

አንዳንዴ እውነት ነው። በግል ድርጅት ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል የደሞዝ ወለል የለንም። ግን እጅሽ ላይ የሚገባውን ብቻ አትቁጠሪ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደሞዟ 7 በመቶ ለጡረታ ስታዋጣ አሠሪዋ 11 በመቶ ይጨምርላታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደሞዝ የሚከፈልበት 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ አለ። የዓመት ፈቃዱም ከ16 የሥራ ቀን ይጀምራል። ልብ በይ፣ ሰው ቤት የቤት ሠራተኛ ሆና የምትቀጠር ሴት በዚህ አዋጅ አትሸፈንም።

ከደሞዙ በፊት የሚጠየቀው ግን ፈረቃው ነው። ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች አንዱ ጥሩ ከፍሎሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚለቅሽ ከሆነ፣ ልጅሽን እስከዚያ ማን ጋ ታቆያለሽ? ለማታ ባጃጅስ ስንት ትከፍያለሽ?

«እቁብ ቁጠባ ነው»

እንደ ዕጣሽ ነው። አሥር ሆናችሁ በወር 1,000 ብር ትጥላላችሁ እንበል። መጀመሪያ የወጣላት 10,000 ብር ታነሳለች፤ ይሄ ወለድ የሌለው ብድር ነው። መጨረሻ የወጣላት ደግሞ ዘጠኝ ወር ሙሉ ለሌሎች ስታበድር ከርማለች። ያሰበችው ምጣድ እስከዚያ ተወድዷል። እኔ እቁብ እወዳለሁ፤ ባንክ ሳላስገባ ብቀር ማንም አይቆጣኝም፣ የእቁብ ሰብሳቢ ግን በር ያንኳኳል። ሆኖም ልጅ በሌሊት ስታተኩስ እቁብ አይደርስልሽም። ለዚህ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ በፈለግሽ ሰዓት የምታወጪበት ቦታ ይቀመጥ። ዕቃ መግዣ ከሆነ ሀሳብሽ፣ ቀድሞ ዕጣ የወጣላትን ሴት ተራዋን እንድትለዋወጥሽ ለምኛት።

«ሳትጋቢ ለወለድሽው ልጅ ቀለብ አይጠየቅም»

ይጠየቃል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ሕፃናት በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት አላቸው ይላል። አባትየው ከካደ አባትነቱ በፍርድ ቤት ሊረጋገጥ ይችላል። መጠኑም የልጁ ፍላጎትና የአባትየው አቅም ታይቶ ይወሰናል። ብዙዎቻችንን የሚይዘን ሕጉ ሳይሆን ኩራት ነው፤ «የሱን ሳንቲም አልፈልግም» እንላለን። እኔም ብያለሁ። ቀለቡ ግን የልጄ ነው፤ እኔ ተኮራርፌ የሷን መተዌ አሁን ድረስ ያበግነኛል።

«ባል የሌላት ሴት ዕድር ምን ያደርግላታል?»

ይሄን ያለችኝ የገዛ አክስቴ ናት። እኔ ግን በስሜ ተመዝግቤ ነበር። እናቴ ባረፈች ጊዜ ድንኳኑን የተከሉት፣ አግዳሚ ወንበሩንና ብረት ድስቱን ተሸክመው የመጡት የዕድሩ ሰዎች ናቸው። አክስቴ ሦስቱንም ቀን እዚያው ወንበር ላይ ነበር የተቀመጠችው።