«ለኤስፕሬሶ ስንት ክሊክ ላድርገው?» እና ሌሎች የእጅ ወፍጮ ስህተቶች

ሥራዬ ባሪስታ ማሠልጠንና የኤስፕሬሶ ማሽን መጠገን ነው። ድሮ ስለ ቡና የእጅ ወፍጮ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ አልነበረም። አሁን ግን ከዱባይም ከአሜሪካም የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ይዞት ይመጣል። ዕቃው በተከፈተ ማግሥት ስልኬ ይጮኻል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፤ «ወንድሜ፣ ለኤስፕሬሶ ስንት ክሊክ ላድርገው?»

ክሊክ የሚባለው የቡናውን ልመት የሚያስተካክለው ቀለበት ሲዞር ቀጭ የሚለው እርከን ነው። ጥያቄው የሚያናድደኝ ጠያቂው ስላላወቀ አይደለም። ቀድሞ ቁጥር የሰጠው ሰው ስላለ ነው። አንዱ በቪዲዮ «20 ላይ አድርጉት» ብሎታል። 20 ላይ ያደርገዋል። ማሽኑ ወይ ቡናውን በ10 ሰከንድ ውስጥ ያንዠቀዥቀዋል፣ ወይ ጠብታም አላወጣም ይላል። ከዚያ «ወፍጮው ተበላሽቷል» ተብሎ ወደ እኔ ይመጣል። ወፍጮው ምንም አልሆነም።

«ቁጥሩን ብቻ ንገረኝ»

አልነግርም። ምክንያቱን ግን እነግራችኋለሁ።

ክሊክ ከወፍጮ ወፍጮ ይለያያል። ኮማንዳንቴ ሲ40 የሚባለው የጀርመን ወፍጮ በአንድ ክሊክ ጥርሶቹን 30 ማይክሮን ያህል ያራርቃል። የታይዋኑ ዋንዚፕሬሶ ጄ-ማክስ 8.8 ማይክሮን ብቻ ነው። ኪንግራይንደር ኬ6 ደግሞ 16። ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። እንግዲህ የአንዱ 10 ክሊክ 300 ማይክሮን ሲሆን የሌላው 10 ክሊክ 88 ነው። የወፍጮው ስም ሳይጠራ የሚሰጥ ቁጥር ምንም አይነግራችሁም።

ስሙ ቢጠራም አይበቃም። ሁለት ጓደኛሞች አንድ ዓይነት ወፍጮ አብረው አስመጡ። ቡናውን ከአንድ ከረጢት ተካፈሉ፣ ቀለበቱንም አንድ ቁጥር ላይ አደረጉት። የአንዱ ኤስፕሬሶ አምሮ ወረደ፣ የሌላኛው ማሽን ታነቀ። ሁለቱን ወፍጮዎች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስፈትሽ ዜሯቸው የተለያየ ነበር። ዜሮ ማለት ጥርሶቹ የሚነካኩበት ቦታ ነው። የአንዱ ከምልክቱ ጋር ይገጥማል፣ የሌላኛው ምልክቱን አልፎ ነው የሚነካካው። በዚያ ላይ ሰዎች ዜሮን በሁለት መንገድ ይቆጥራሉ። አንዳንዱ ጥርሶቹ የመፋተግ ድምፅ ማሰማት ሲጀምሩ ዜሮ ይላል። ሌላው እጀታው ጭራሽ አልዞርም ሲል። በሁለቱ መካከል በርካታ ክሊክ አለ። የሰው ቁጥር መዋስ የሰው መነጽር እንደማድረግ ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ቡናው ራሱ ይለያያል። ጠቆር ብሎ የተቆላ ቡና ተሰባሪ ነው፤ ጣዕሙንም ለውሃ ቶሎ ይለቃል። ስለዚህ ሸከር አድርጎ መፍጨት ይፈልጋል። ፈካ ብሎ የተቆላ የታጠበ ይርጋጨፌ ግን ፍሬው ጠንካራ ነው፤ ለወፍጮም ለውሃም ቶሎ አይበገርም። ይበልጥ መላም አለበት። በአንድ ወፍጮ፣ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ጠዋት እነዚህን ሁለት ቡናዎች በአንድ ቁጥር አወርዳለሁ የሚል ሰው አንዱን ያበላሻል። ያው ቡና እንኳ ከተቆላ ሲሰነብት ባሕሪው ይቀየራል፤ በፊት ልክ በነበረው ቁጥር ቶሎ ቶሎ መውረድ ይጀምራል። የአዲስ ወፍጮ ጥርስም እየሠራ ሲሄድ ትንሽ ይቀየራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሚዛንና የእጅ ስልክ ሰዓት ያዙ። የአሥረኛ ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን ይበቃል። 18 ግራም ቡና መዝኑ፤ ማጥለያችሁ (ቡናው የሚሞላበት ባለ ቀዳዳ ብረት) የሚይዘው ያነሰ ከሆነ በልኩ። ፈጭታችሁ፣ አስተካክላችሁ ጠቅጥቃችሁ፣ 36 ግራም ኤስፕሬሶ ስኒው ውስጥ እስኪገባ ስንት ሰከንድ እንደወሰደ እዩ። ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። በ15 ሰከንድ ካለቀ አልሙት። 45 ካለፈ አሸክሩት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ክሊኩንም የቡናውንም መጠን አንድ ላይ የቀየረ ሰው የትኛው እንደሠራለት አያውቅም።

እርከኑ ሰፊ የሆነ ወፍጮ ካላችሁ አንድ ክሊክ ወደዚህ ይፈጥናል፣ አንድ ክሊክ ወደዚያ ይታነቃል። ያኔ ክሊኩን ተዉትና በግራም ተጫወቱ። ግማሽ ግራም መጨመር ውሃውን ያዘገየዋል፣ ግማሽ ግራም መቀነስ ያፈጥነዋል። ይህን የነገርኩት ሁሉ ሌላ ወፍጮ ልግዛ ማለቱን ለጊዜው ይተዋል።

ሰዓቱ ልክ ከሆነ በኋላ ምላሳችሁን እመኑ። ከጎመዘዘና ከቀጠነ ትንሽ አልሙ። ከመረረና አፍ ካደረቀ ትንሽ አሸክሩ። የደረሳችሁበትን ቁጥር ጻፉት። እሱ የእናንተ ቁጥር ነው፤ ለጎረቤት አታበድሩት።

«ኤስፕሬሶ ማለት በጣም የላመ ቡና ነው»

ይህ የመጣው ከሙቀጫችን ይመስለኛል። ለጀበና ቡና አድቅቀን እንወቅጣለን፤ ይጣፍጣል። ስለዚህ ለኤስፕሬሶም ዋናው ማድቀቅ ነው ተብሎ ይታሰባል። አንድ ደንበኛ በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና በወንፊት ነፍታ ይዛልኝ መጥታለች። ልፋቷን አደንቃለሁ። ማሽኑ ግን አንዴ ታነቀ፣ አንዴ ደግሞ ቡናውን በጎን እየረጨ አወረደው።

ጀበና ውስጥ ቡናው ከውሃው ጋር ይፈላል፣ ከዚያ ይሰክናል። የላመውም ያልላመውም ጊዜ ያገኛል። ኤስፕሬሶ ግን በ9 ባር ግፊት በግማሽ ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነው። ቡናው እንደ ዱቄት ከላመ ውሃው በእኩል ማለፍ አይችልም። ደካማ ቦታ ፈልጎ ይሰነጥቅና በዚያ ብቻ ያመልጣል። ውሃ የበዛበት ክፍል መራራ ያወጣል፣ ውሃ ያልደረሰው ጣዕሙን ይዞ ይቀራል። አንድ ስኒ ላይ ምሬትና ጉምዘዛ አብረው ከመጡ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። በ2020 ማተር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናትም የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ ከተወሰነ ልክ በላይ ማላም ከቡናው የሚወጣውን ጣዕም አይጨምርም፣ ያዘበራርቀዋል።

ለኤስፕሬሶ የሚያስፈልገው ተመሳሳይነት ነው። አንዱ ቅንጣት ከሌላው ብዙ አይራቅ። ወፍጮ የሚገዛውም ለዚህ ነው።

«ቡና ተቆልቶ ወዲያው ሲፈጭ ነው»

ይህን ስናገር የሚቆጡኝ አሉ። ለጀበና እውነት ነው። ከብረት ምጣዱ ወደ ሙቀጫ፣ ከሙቀጫ ወደ ጀበና፤ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ሲፈላ ጋዙ ይወጣል፣ መዓዛው ቤቱን ይሞላል።

ኤስፕሬሶ ላይ ግን ያ ጋዝ ጠላት ነው። አዲስ የተቆላ ቡና ውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላ ነው። ውሃው በግፊት ሲገባ ጋዙ ይገፋዋል። ክሬማው፣ ከላይ የሚንሳፈፈው አረፋ፣ ይቆለላል፣ ወዲያው ይረግፋል፤ ከሥር ያለው ቡና ደግሞ ይጎመዝዛል። ጠዋት ቆልታ ከሰዓት እንግዶቿን በኤስፕሬሶ ልታስተናግድ የፈለገች ዘመዴ አለች። ክሊኩን ስትቀያይር ዋለች። ችግሩ ክሊኩ አልነበረም። ሳምንት ያህል ቆይቶ ያው ቡና ብዙ ሳይነካካ ወረደ።

ሳምንት አስቀምጡት፤ ፈካ ብሎ የተቆላ ከሆነ ከዚያም በላይ። ግን በፍሬው፣ በተዘጋ ከረጢት። የተፈጨውን አታቆዩ። ፈጭቶ ማስቀመጥ ወፍጮ የመግዛትን ጥቅም በሙሉ ያጠፋዋል። ከአዲስ አበባ የተፈጨ ቡና እያስመጣችሁ ውጭ አገር ማሽን ላይ የምትጠቀሙ ወገኖች፣ እባካችሁ ፍሬውን አስልኩ።

«ወፍጮ ወፍጮ ነው፤ ገንዘቡ ማሽኑ ላይ ይዋል»

ተቃራኒው ነው። ተራ ማሽን ከጥሩ ወፍጮ ጋር ደህና ኤስፕሬሶ ያወጣል። ውድ ማሽን ከመጥፎ ወፍጮ ጋር አያወጣም። የቅመም መፍጫውን፣ ምላጭ የሚሽከረከርበትን ማለቴ ነው፣ ለኤስፕሬሶ እርሱት። አይፈጭም፤ ይቆራርጣል። ዱቄትና ስባሪ አንድ ላይ ያወጣል።

የእጅ ወፍጮ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ለሞተር አትከፍሉም። ገንዘቡ ጥርሱና ዘንጉ ላይ ይውላል። ስትገዙ መልኩን ሳይሆን እነዚህን እዩ። የውስጠኛውን ጥርስ በጣት ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት፤ ከተንቀሳቀሰ ተዉት፣ ሲፈጭም እንዲሁ እየተወዛወዘ ነው። ዘንጉ ከላይም ከታችም በኩሽኔት የተያዘ መሆኑን አረጋግጡ። እርከኑ ጠባብ ይሁን፤ ለኤስፕሬሶ ከ20 ማይክሮን በታች ቢሆን ይመረጣል። የጥርሱ ስፋት 48 ሚሊሜትር የሆነ በ38ቱ ላይ ብዙ ድካም ያስቀራል። የፍሬ መያዣው ቢያንስ 20 ግራም ይያዝ፤ ለአንድ ስኒ ሁለት ጊዜ መሙላት ያሰለቻል።

«ሴራሚክ ነው፣ አይዶለዱምም» ተብሎ የሚሸጠውን ርካሽ ወፍጮ ብዙ አያለሁ። ሴራሚክ በራሱ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ርካሾቹ ላይ ዘንጉ ስለሚወዛወዝ ነው። በወረቀት ተጠልሎ ለሚወርድ ቡና ይሆናል፣ ለኤስፕሬሶ ግን ክንዳችሁ እስኪዝል ታዞሩና ውጤቱ ያሳዝናችኋል።

ወፍጮ ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። የማሽናችሁን ማጥለያ ገልብጣችሁ ከሥሩ እዩት። መላው ሥሩ በደቃቅ ቀዳዳ የተሞላ ከሆነ ጥሩ። ከውጭ በኩል አንዲት ቀዳዳ ብቻ ካለችው ግፊቱን የሚፈጥረው ቡናው ሳይሆን ያቺ ቀዳዳ ናት። በእሱ ላይ ጥሩ ወፍጮና ተራ ወፍጮ ብዙም አይለዩም። መላው ሥሩ ቀዳዳ የሆነውን ማጥለያ ለብቻው መግዛት ይቻላል፤ ዋጋውም ከወፍጮው ጋር አይወዳደርም። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ወፍጮ ገዝቶ «ለውጥ የለውም» ይላል።

ሌሎቹን በአጭሩ

«የእጅ ወፍጮ ስለማያሞቅ ቡናው ይጣፍጣል።» ቤት ውስጥ ለአንድ ስኒ በኤሌክትሪክ ብትፈጩም ሙቀቱ የሚያሳስብ አይደለም። ሙቀት የሚያስቸግረው ቀኑን ሙሉ የሚፈጭ ካፌ ነው።

«የእጅ ወፍጮ መብራት ለሚጠፋበት ጊዜ ነው።» መብራት ሲጠፋ ማሽኑም አይሠራም፤ በክንድ የሚጫን ማሽን ከሌላችሁ በቀር።

«ጉልበት ይጠይቃል።» ጥሩ ወፍጮ 18 ግራሙን ከአንድ ደቂቃ ብዙ ሳይርቅ ይጨርሳል። ከከበዳችሁ ወፍጮውን ትንሽ አዘንብሉት፤ ፍሬው በጥቂት በጥቂቱ ይገባል፣ ይቀላል።

«ቡና ላይ ውሃ ጠብ ማለት የለበትም።» አንድ ሁለት ጠብታ ጠብ ይበል፣ ያውም ከመፍጨታችሁ በፊት በፍሬው ላይ። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ሲደርቅ ቡናው ሲፈጭ ኤሌክትሪክ ይይዝና ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፣ ጠረጴዛው ላይም ይበተናል። በጣት አርጥቦ ፍሬውን ማማሰል ይበቃል። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 ባወጡት ጥናት ይህ ዘዴ የሚጣበቀውን እንደሚቀንስና የኤስፕሬሶውንም ጥንካሬ እንደሚጨምር አሳይተዋል።

«ወፍጮ በውሃ ታጥቦ ይጠራል።» የብረት ጥርስ ይዝጋል። ደረቅ ብሩሽና የአየር መንፊያ ይበቃል። ጠቆር ያለ ቅባታም ቡና የምትወዱ ቶሎ ቶሎ ፍቱት፤ ቅባቱ ሲያረጅ ይሸታል፣ ሽታውም ስኒው ውስጥ ይገባል።

«ጥሬ ሩዝ መፍጨት ያጸዳዋል።» ሩዝ ከተቆላ ቡና በጣም ይጠነክራል። ዘንጉን ሊጎዳ ይችላል፣ ስታርቹም ጥርሱ ሥር ተጋግሮ ይቀራል። በሩዝ የተጎዳ ወፍጮ ሲመጣልኝ የማደርገው ጥርሱንም ዘንጉንም መቀየር ነው፤ መለዋወጫው ደግሞ እዚህ በቀላሉ አይገኝም።