ቀለህ መከርከም ምንድን ነው?

ልጆች ሆነን ባሕር ዳር ዙሪያ ሠርግ ላይ ሲተኮስ፣ ሙሽራዋን ትተን ቀለህ፣ ማለትም የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቅርፊት፣ ለመልቀም እንሻማ ነበር። ገና ትኩስ ስለሆነ ጣት ያቃጥላል። አፉን ከንፈራችን ላይ አስደግፈን እናፏጭበታለን። ሌላ ጥቅም ያለው አይመስለኝም ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙ ዒላማ ተኳሾችና አዳኞች የተተኮሰ ቀለህ አይጥሉም። አዲስ ባሩድና አዲስ አረር አድርገው መልሰው ይሞሉታል። ከመሙላታቸው በፊት ርዝመቱን ይለካሉ፤ ከልኩ ያለፈውን ከአፉ ላይ ይቆርጣሉ። ቀለህ መከርከም ይኸው ነው።

ግን ቀለህ እንዴት ይረዝማል? እኔንም የገረመኝ ይሄ ነው። የጠመንጃ ቀለህ ነሐስ ነው፤ 70 ከመቶ መዳብ፣ 30 ከመቶ ዚንክ። ሲተኮስ ጋዙ ያሳብጠዋል፤ ጠመንጃው ጥይቱን ከሚጎርስበት ክፍል ግድግዳ ጋር ይለጠፋል። ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት የማይመለሰው በዚህ ነው። ያበጠውን ቀለህ ደግሞ እንደገና ለመሙላት በጠንካራ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ አስገብተው ይጨምቁታል። ሊጥ በጭብጥህ ስትጨምቅ በጣቶችህ መሃል ይወጣ የለ? ነሐሱም መሄጃ ሲያጣ ወደ አንገቱ ይሸሻል። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይረዝማል።

7.62 በ51 ለሚባለው የጠመንጃ ጥይት የቀለሁ ርዝመት ጣሪያ 51.18 ሚሊ ሜትር ነው። ሲከረከም ወደ 50.93 ይወርዳል። ሩብ ሚሊ ሜትር! አንድ ቶርኖ ቤት ካሊፐር ተውሼ አየሁት፤ የሁለት ሦስት ወረቀት ውፍረት ቢሆን ነው። ግን ቀለሁ ከጣሪያው ካለፈ አፉ ከፊት ለፊቱ ካለው ጠርዝ ጋር ይላተምና አረሩን አንቆ ይይዘዋል። አረሩ በቀላሉ ስለማይለቅ ግፊቱ ከልክ በላይ ይንራል። ጠመንጃ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ይጨመቃል፣ ቀጥሎ ይለካል፣ ከዚያ ይከረከማል። የተቆረጠው አፍ ስለት ስለሚያወጣ ከውስጥም ከውጭም ይሞረዳል።

ብዙው የክላሽ ቀለህ ከዚህ ጨዋታ ውጭ ነው። ብረት ስለሆነ ማግኔት ይስበዋል፤ መልሶ ለመሙላትም አይመችም። በዚያ ላይ እኛ አገር የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚተዳደር ስለሆነ፣ ይህን ለማወቅ እንጂ ለመሞከር አታንብቡት።

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የድሮ ምንሽር ቀለህ አለ። አንገቱ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለው። ነሐስ ሲጨመቅና ሲለጠጥ ስለሚደርቅ በመጨረሻ እንዲህ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለውን አይከረክሙትም፤ ይጥሉታል።